አራተኛው ዙር

ሐረር፣ ጥቅምት 8 ቀን 1959 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለእንደሻው፣

እንደምን ከረምክ? አስቴርስ እንዴት ናት? ሆዷ እንደገፋ ሰምቻለሁና ባልዲ እንዳታስነሣት። እኔ ስድሳ ልጅ ፊደል እያስቆጠርኩ ጉሮሮዬ ከመሻከሩ በቀር ምንም አልሆንኩ።

«እማማ ሩቂያ ለስፌቱ ፊልሜ ድምፅ ቀረጻ ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው ይመጡ ይሆን?» ላልከኝ መልሱ አጭር ነው፤ አይመጡም። «ወላሂ፣ ያን ምንጣፍ የለበሰ ክፍል ሁለተኛ አልረግጠውም» ብለዋል። እኔም አልለምናቸውም።

አንተ ያን ቀን ለሥራ ወጥተህ ስለነበር የነገሩህ ሌላ ነው። «አሮጊቷ አፍረው ዝም አሉ» አሉህ? ድንቄም ማፈር! ሰርግ ቤት መቶ ሴት ፊት የሚዘፍኑ ሴትዮ የድምፅ ክፍሉን ሦስት ጎረምሳ ሊያፍሩ! አብሬያቸው ነበርኩና የሆነውን ከእኔ ስማ። ገና በር ላይ ስፌታቸውንና ወስፌያቸውን ተቀበሏቸው፤ ሣሩ ሲንኮሻኮሽ ቴፑ ውስጥ ይገባል ተብሎ። ባዶ እጃቸውን ማይክሮፎን ፊት አስቀመጧቸውና «በሉ ይዝፈኑ» አሏቸው። እሳቸው መዳፋቸውን አዩ፣ እኔን አዩኝ፣ ዝም አሉ። ሎሚናት አመጡላቸው፤ አሁንም ዝም። በኋላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ድምፄን በር ላይ ተቀብለውኝ ሲያበቁ አሁን ከየት ላምጣላቸው?» አሉኝ።

አንተ የጀጎል አጥር ሥር ያደግህ ልጅ ነህና ይህ አይጠፋህም። ዘፈኑ የሚሰፋ ዘፈን ነው። ሰባት ዙር አለው፤ ስፌቱ በዞረ ቁጥር አንድ ዙር ይዘፈናል። በእሳቸው ቤት ደግሞ አራተኛው ዙር የሰፊዋ አይደለም፤ ሣሩን አጭዳ ያመጣችው ሴት ስም የሚጠራበት ነው። እናታቸውም እንዲሁ ነበሩ። ስም ካልተጠራ አምስተኛው አይጀመርም።

ስለዚህ መላው ይኸውልህ። ድምፅ ፊልሙ ላይ መለጠፉ ይቅር። ዲዳ ሆኖ ይምጣ፤ እኛ አዳራሹ ውስጥ እንናገርለታለን። እማማ ሩቂያ ከአሥር ሴቶች ጋር ሸራው አጠገብ ተቀምጠው እየሰፉ በሐረሪዎቹ ቋንቋ በጌይ ይዘፍናሉ፣ እኔ ግጥሜን በአማርኛ አስከትላለሁ፣ የጦሩ ባንድ ክላርኔት ነፊ አሥር አለቃ ሳህሉም ያጅበናል። (ማርሽ ካልነፋሁ ብሎ ሲያስቸግረኝ «የወስፌውን እጅ ተከተል» ብዬ ስፌት ፊት አስቀመጥኩት፤ አሁን ልኩን አግኝቷል።) ሣሩ በየገበቴው ይነከራል፤ ሕዝቡ ፊልሙን በአፍንጫውም ይየው። ወስፌ ሣሩን ሲበሳ የሚሰማው ድምፅ የእናንተ ሰዎች የጠሉት እኮ ነው፤ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ይሰማሉ!

ቀኑ ታኅሣሥ 21 ይሁን፣ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት፣ በትምህርት ቤታችን አዳራሽ። ያን ጊዜ እንግዳው ሁሉ ከቁልቢ ይመለሳል። ሣሩን ከድሬ ጠያራ ገጠር የምታመጣው ኢፍቱም ትመጣለች። ካሜራህን ተሸክመህ በፈላና በር ስትቀርጻት «ራሴን አያለሁ?» ብላ ስትጠይቀኝ፣ «በመድኃኔዓለም ታያለሽ» ብያታለሁ። በዋዛ አልማልኩም።

እህትህ ገላነሽ

*

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 14 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለምወድሽና ለማከብርሽ እትዬ ገላነሽ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ጉሮሮሽስ ተሻለሽ? ጤና አዳም ቀቅለሽ ጠጪበት። እማማ ሩቂያ እንደምን ናቸው? ሳህሉስ? ጎረቤቶቻችን ሁሉ ደህና ናቸው? የሥላሴው የኔታስ? የግቢያችን ሾላ አለ ወይስ ቆረጡት? አስቴር ደህና ናት፤ እጅ ትነሣለች። የእኔ ጤንነት እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነው፤ አንዳንዴ ብቻ እንቅልፍ ይነሣኛል። አዲስ አበባ ብርዱ በርትቷል።

«ወር ሙሉ ምን ዋጠህ?» ብለሽ መጻፍሽ እውነትሽን ነው፤ ይቅርታ አድርጊልኝ። ሥራ በዛብኝ። ፊልሙ ግን አልቋል፤ አለቃችን አቶ ወልደሚካኤል አይተው ማኅተም መትተውበታል። የድምፁን ነገር ስነግራቸው «ዲዳ ከሆነማ ምን ክፉ ነገር ይናገራል?» ብለው ሳቁ። ለልምምድ እንዲሆናችሁ በአውቶብስ ሹፌሩ እጅ ልኬልሻለሁ። ጥቅሉን ፀሐይ ላይ እንዳታስቀምጪው።

ሥራው ሲጠናቀቅ ትንሽ አጥሯል። ለሳህሉ አሥራ ስድስት ደቂቃ የሚሆን ሙዚቃ ይበቃል ብለሽ ንገሪልኝ። ሌላ የተለወጠ ነገር የለም።

ወንድምሽ እንደሻው

*

ሐረር፣ ኅዳር 22 ቀን 1959 ዓ.ም.

እንደሻው፣

ሰላምታውን ዘልዬዋለሁ፤ አንተም መዝለል ጀምረሃልና።

ሰላምታህ ረዝሞ ፊልምህ ማጠሩን ሳይ መጠርጠር ነበረብኝ። እስከ ሾላው ድረስ ጤና ስትጠይቅ ምን ነካው ብያለሁ!

ቅዳሜ የትምህርት ቤቱን ማሳያ ማሽን ተሸክመን እማማ ሩቂያ ቤት ሄድን። ስፌቶቻቸውን ከግድግዳው አወረዱልን፤ ከስንት ዓመት በኋላ ነጩ ኖራ ወጣ። መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋረድነውና ለኮስነው። ልንገርህ፣ ሥራህ ያምራል። ወስፌው ሲገባ ሲወጣ እጃቸውን እንዴት አድርገህ እንደያዝከው! እሳቸው መደቡ ላይ ቁጭ ብለው እየሰፉ ዘፈኑ፤ አንደኛው ዙር፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። ሳህሉ ተከተላቸው፤ እኔም ገባሁ። ከዚያ ድንገት ወስፌያቸው ቆመ።

«ዙር ዘለለ» አሉ።

ሳህሉ «የቱ ጋ እማማ? እኔ ምንም አላየሁም» አለ። እኔም አላየሁም፤ እውነቱን ልናገር። ሥዕሉ ከአንዱ ወደ ሌላው ያለ እንቅፋት ነው የሄደው። እሳቸው ግን ስፌታቸውን ያውቁታል። «ሦስተኛው ላይ ነበርኩ፤ አሁን ሥዕሉ ላይ እጄ አምስተኛውን ይሰፋል። መሐል ያለውን ማን ሰፋልኝ? ሣሩስ ከየት መጣ? ሱብሃነላህ! ከሰማይ ወረደ?» አሉ። ከዚያ ሥራቸውን ጠቅልለው ተነሡ። ፊልሙ ብቻውን ሄዶ ሄዶ አለቀ፤ ማንም ያየው የለም።

ሃያ ሲቀነስ አሥራ ስድስት አራት መሆኑን ያስቆጠርኩህ እኔ ነኝ። አራቱ ደቂቃ የት ገባ? ኢፍቱ ሣር ተሸክማ በፈላና በር ስትገባ፣ ሸክሟን ስታወርድ፣ ላቧን በመዳፏ ስትጠርግ፣ ያ ሁሉ የት ገባ? «ሌላ የተለወጠ ነገር የለም» አልክ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል፤ ያንተ ግን ሳምንትም አልቆየ።

እማማ ሩቂያ አይዘፍኑም። እሳቸው ካልዘፈኑ እኔ ግጥሜን አላነብም። እኔን ያስቀየመኝ መቁረጥህ ብቻ አይደለም፤ መደበቅህ ነው። ጻፍልኝ፤ አጭር አድርገህ ጻፍ።

ገላነሽ

*

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 29 ቀን 1959 ዓ.ም.

እትዬ ገላነሽ፣

አጭር አድርግ ብለሻል። ቆርጬዋለሁ።

አቶ ወልደሚካኤል እስከ ሦስተኛው ዙር ድረስ ሲያዩ ደስ ብሏቸው ነበር። ኢፍቱ ስትመጣ ማሽኑን አስቆሙ። «ይህች ጎባጣ ባዶ እግሯን በሐረር በር ስትገባ ለውጭ እንግዳ ልናሳይ ነው? ስፌቱ ይበቃል። ሣሩ ምን ያደርግልናል?» አሉኝ። «ያለ ሣር ስፌት የለም» ማለት ነበረብኝ። አንቺ ብትሆኚ ትዪ ነበር። እኔ «እሺ ጌታዬ» አልኩ።

በሌላ ጊዜ እንዳይለጠፍ ተብሎ ቁራጩ ተቃጠለ። ዓይኔ እያየ ነው እሳት ውስጥ የገባው። ያቀበልኳቸውም እኔ ነኝ፤ በዚህ እጄ። እንግዲህ ከየትም አምጥቼ ልመልሰው አልችልም፤ እንደገና ልቅረጽ ብልም ካሜራ አይሰጡኝም።

አስቴር ልትወልድ ሁለት ወር እንኳ አልቀራትም፤ ቤታችን የመሥሪያ ቤቱ ነው። ይህን የምጽፍልሽ እንድታዝኚልኝ አይደለም። የፈሪ እናት አታለቅስም ይሉ የለ? ፈሪ ሆኜልሽ ነው፤ እንዲሁ እወቂው። ለኢፍቱ የማልሽውን መሐላ ያፈረስኩት እኔ ነኝ። ዝግጅቱን ተይው፤ በእኔ ስም ይቅርታ ጠይቂልኝ።

እንደሻው

*

ሐረር፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለእንደሻው፣

እንደምን አለህ? ይኸው ሰላምታህን መለስኩልህ። እውነቱን ስለጻፍክልኝ ነው።

«ተይው» ላልከኝ፣ አልተወውም። ይቅርታህን ለእማማ ሩቂያ አደረስኩ። ደብዳቤህን ተርጉሜ አነበብኩላቸው፤ እሳት ውስጥ የገባውንም አልደበቅኳቸውም። ተነሥተው ከግድግዳቸው አንድ ያረጀ ሰፌድ አወረዱና ጭኔ ላይ አስቀመጡት። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ጥቁር ሆኖ ይዞርና መሐል ላይ አንዱ ዙር ቀለም የለውም፤ ነጭ ሣር ብቻ ነው። ስንት ዓመት ሳየው ውበት ይመስለኝ ነበር።

«ይህን የሰፋሁት ጣልያን የገባ ዓመት ነው» አሉኝ። «ቀለም ጠፋ። አለላ ካለቀብኝ ምን ላድርግ? ዙሩን በባዶ ሰፋሁት። በባዶ ይሰፋል፣ አይዘለልም። የዘለልሽው እንደሆነ ስፌቱ ይጣመማል። ያየ ሰው እዚህ ጋ አንድ ነገር እንደጎደለ ይወቅ። ለልጁ እንዲህ ብለሽ ጻፊለት፤ ሥዕሉን ካቃጠሉበት በባዶ ይስፋው።»

ገባህ? እኔ እንኳ ሁለቴ ነው ያስደገምኳቸው። አራት ደቂቃ ወሰዱብህ አይደል፤ ጥቅሉን በአውቶብስ ሹፌሩ እጅ መልሼልሃለሁና አራት ደቂቃ ጥቁር ፊልም በቦታው አስገባ። ባዶ ጥቁር። ሸራው ይጨልም። እኛ እዚያው ተቀምጠን እንሰፋለን፤ አራተኛው ዙር በጨለማው ውስጥ ይዘፈናል። ሣሩ ይሸታል፣ ወስፌው ይሰማል፣ ስሟ ይጠራል። ጎባጣ አታሳዩ አሉ፤ ምንም አናሳይም!

ድፍረት አነሰኝ ካልክ ከእኔ ተበደር፤ ለእኔ ተርፎኛል። ግን ጥቁሩን ፊልም ከእኔ ልትበደር አትችልምና እሱን አንተ አምጣ።

እህትህ ገላነሽ

*

አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 1959 ዓ.ም.

እትዬ፣

አደረግሁት።

ማኅተም ከተመታበት በኋላ ማንም ዳግመኛ አያየውም ብዬ፣ በምሳ ሰዓት ክፍሉ ባዶ ሲሆን ሠራሁት። በችኮላ ሁለት ጊዜ በማጣበቂያው ጣቴን ከፊልሙ ጋር አጣብቄዋለሁ። ጥቅሉን ሲመዘግብ የመጋዘን ሠራተኛው አንሥቶ ወደ መስኮቱ ዘረጋውና «ይህ ጥቁር ምንድን ነው?» አለኝ። «ማሽኑ የሚያርፍበት ነው» አልኩት። «ሰውም እንዲህ ቢያርፍ» አለና መዘገበው።

«ከፊት ወንበር እነማን ይቀመጣሉ?» ብለሽ ነበር። አቶ ወልደሚካኤል ራሳቸው ከቁልቢ መልስ ይመጣሉ፤ ከትምህርት ሹሞችም አሉ። እኔን ግን አላካተቱኝም፤ በዚያው ሰሞን ወደ ወለጋ ይልኩኛል። የሠራሁትን ሳላይ ልቀር ነው።

እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከሥራሽ ቢያነሡሽስ? አሥራ አራት ዓመት ያስተማርሽበት ቤት ነው። መልሱን አሁን አትጻፊልኝ፤ ብቻ አስቢበት። እኔ እንኳ አሰብኩበት፣ አስቤም አጣበቅሁት።

እንደሻው

*

ሐረር፣ ታኅሣሥ 26 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለእንደሻው፣

ከወለጋ በሰላም ገባህ? አስቴርን ሳምልኝ።

«አንድም ሳታስቀሪ ንገሪኝ» ብለሃል። የማስቀረው አለ፤ አስቀድሜ ልንገርህ። የሆነው ግን ሆኗል፤ እልልልል!

አዳራሹ ሞልቶ ሰው በመስኮት ደረጃ ላይ ተቀምጧል። መጋረጃ ስላልበቃን የአዳሪዎቹን ብርድ ልብስ ሁሉ ሰቀልን። አሥራ አንዱ ሴቶች ሸራው ሥር ገበቴያቸውን ይዘው ሲቀመጡ አቶ ወልደሚካኤል «እነዚህ ደግሞ ምን ሊሸጡ ነው?» ሲሉ ሰምቻለሁ። ሣሩ ከጠዋት ጀምሮ ስለተነከረ ገና ሳይጀመር አዳራሹ ክረምት ክረምት ሸተተ። ሦስቱ ዙር እንደ ቅቤ ሄደ።

አራተኛው ላይ ጨለመ።

መጀመሪያ ያፏጩ ነበሩ። «መብራት ጠፋ!»፣ «ማሽኑን አስተካክሉ እንጂ!» ይላሉ። አንዱማ ክብሪት ጫረ፤ ጎረቤቱ እፍ አለበት። ከዚያ ቀስ እያለ ጆሮአቸው መጣ። አሥራ አንድ ወስፌ፣ አንዴ ወጣ፣ አንዴ ገባ። ሳህሉ ክላርኔቱን ጉልበቱ ላይ አስተኛው፤ ያን ማድረግ እንዳለበት ማንም አልነገረውም። እማማ ሩቂያ አራተኛውን አነሡት። እኒያ ሴትዮ ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ድምፁ ከየት እንደመጣ እኔንጃ! «ኢፍቱ» ሲሉ አሥሩ ሴቶች ተቀበሏቸው፤ ሦስተኛው ጥሪ ላይ ከኋላ ወንበር ወንዶች ተቀበሉ። ቋንቋውን የማያውቀውም ስሟን አወቀ። እኔም ተነሥቼ፣ ወረቀት በማይታይበት፣ የቃሌን አልኩ፦

ሞሰቡ ሲመሰገን፣ ሰፊዋ ስትወደስ፣
እሷ ግን ጎንበስ ብላ ሣሩን ስታደርስ፣
ስሟን የጠራ የለም ከበሩ እስክትመለስ።

ከዚያ አምስተኛው ዙር በራ፤ ብርሃኑ ሲመለስ ከሹሞቹ የፊት ወንበሮች ሁለቱ ባዶ ነበሩ። ባዶነታቸውን ሁሉም ሰው አየው።

በማግሥቱ ተጠርቼ ስለተባልኩት አልጽፍም። ስለ ሥራዬም አትጨነቅ። አዲስ ክፍል ተሰጥቶኛል፤ ተማሪዎቼ ዝምተኞች ናቸው፣ አንዳቸውም አይረብሹኝም።

የከነከነኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ኢፍቱን አዳራሹ ውስጥ ፈልጌ አጣኋት። ከዚያ ወዲህም ሣር ይዛ አልመጣችም።

እህትህ ገላነሽ

*

አዲስ አበባ፣ የካቲት 3 ቀን 1959 ዓ.ም.

እትዬ ገላነሽ፣

ጥር 12 አስቴር በሰላም ተገላገለች፤ ሴት ናት። በጩኸቷ እኔን አልወጣችም፤ አንቺን ነው የወጣችው።

«ምን አሉህ?» ላልሽኝ፣ እነግርሻለሁ። አስቀድመሽ ግን አንቺ የደበቅሽኝን ልመልስልሽ። ዝምተኞቹ ተማሪዎችሽ የጠመኔ ካርቶኖች መሆናቸውን ሳህሉ ጽፎልኛል። አሥራ አራት ዓመት ያስተማረች ሴት የጠመኔ ጎተራ ጠባቂ! አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ አሉ። «መደበቅህ ነው ያስቀየመኝ» ብለሽ የጻፍሽው ደብዳቤ እጄ ላይ አለ፤ እልክልሻለሁ፤ መልሰሽ አንብቢው።

ወደ እኔ ስንመጣ፣ አቶ ወልደሚካኤል ጠረጴዛ አንኳኩተው ጠየቁኝ። «ፊልሙ ላይ የሌለች ሴት ሐረር ሙሉ እንዴት አየቻት?» አሉኝ። «ጌታዬ፣ እርስዎ እንዳዘዙት ቆርጫለሁ፤ ያሳየሁት ነገር የለም» አልኩ። «ጨለማውስ?» አሉ። «ጨለማው ባዶ ነው» አልኩ። እኔ ነኝ እንዲህ ያልኩት፣ እትዬ! ከአፌ ሲወጣ ራሴ ደነገጥኩ።

ከዚያ በወረቀት ትእዛዝ መጣ፤ ጨለማውም ይቆረጥ የሚል። አነበብኩት፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት፣ አልፈረምኩም። «እሺ ጌታዬ» የሚለው ቃል ያን ዕለት አልመጣልኝም።

ካሜራዬን ቀሙኝ። ሦስት ቀን አለቀስኩ፤ ላንቺ ምን እደብቃለሁ። ከሥራ ግን አላባረሩኝም፤ በየጠቅላይ ግዛቱ እየዞረ ስለ ወባና ስለ ውኃ ንጽሕና ፊልም የሚያሳየው የጭነት መኪና ላይ መደቡኝ። ቅጣት መሆኑ ነው። ካሜራ ነጥቀው ማሳያ ማሽን፣ ሸራና መኪና ሰጡኝ እኮ! የእኛ ጥቅል ከወባው ጥቅል ሥር ተኝቷል። በመጋቢት መጨረሻ ሐረር እደርሳለሁ።

ኢፍቱ ተገኘች? ተቀየመችን ይሆን?

እንደሻው

*

ሐረር፣ መጋቢት 9 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለእንደሻው፣

እንኳን ማርያም ማረቻት! ጩኸቷ እኔን ከወጣ አታጥፉባት፤ ይጠቅማታል። መደበቄን በተመለከተ ጥፋተኛ ነኝ፤ ደብዳቤዬን መልሼ አነበብኩት፤ ከፍቻለሁ። ጠመኔዎቼ ደህና ናቸው። ልጆቹ በእረፍት ሰዓት መስኮቱ ሥር መጥተው አራተኛውን ዙር ይዘፍኑልኛል፤ ዲሬክተሩ የቱን ልጅ እንደሚቀጣ ጠፍቶት ይዞራል።

ስለ ኢፍቱ ጠይቀሃል። ይህን ቁጭ ብለህ አንብበው።

ከሁለት ወር በላይ ጠፍታ ሐሙስ ዕለት እማማ ሩቂያ ቤት መጣች፤ ብቻዋን። ተቀመጪ ስንላት አልተቀመጠችም። በኦሮምኛ ነው የምትናገረው፤ እኔ የገበያውን ያህል እሰማለሁ፣ የቀረውን እማማ ሩቂያ አሰሙኝ።

ያን ዕለት መጥታ ነበር። ብቻዋንም አልመጣችም፤ ሣር አብረዋት የሚያጭዱትና የሚሸከሙት አምስት ሴቶች አብረዋት ነበሩ። ዘበኛው «ከነሣራችሁና በባዶ እግር አትገቡም» ብሎ መለሳቸው። እኔ ውስጥ ሆኜ ስለ እሷ ግጥም እላለሁ፣ እሷ ውጭ አጥሩ ሥር ቆማለች። ወንድሜ፣ ይህን ስሰማ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። በሩን ማየት የማን ሥራ ነበር? የእኔ! ስለ ሸራው ሳስብ በሩን ረሳሁት።

ግን ሰምታለች። በብርድ ልብሱ ቀዳዳ ዘፈኑ ወጥቷል። ስሟ ሲጠራ፣ ወንዶቹም ሲቀበሉ ሰምታለች።

«ደስ አላለሽም?» አልኳት።

«አምስቱ ዞር ብለው አዩኝ» አለችኝ። «ሣሩን ስድስት ሆነን ነው የምናመጣው። ልጁ ያን ማሽኑን ይዞ ሲመጣ ከፊት የነበርኩት እኔ ስለሆንኩ እኔን ያዘ። እናንተም የእኔን ስም ጠራችሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ በመንገድ አብረውኝ አይሄዱም፤ ‹ስም ያላት ትቅደም› ይሉኛል። እኔ ስሜን አልፈለግሁም፣ ሰዎቼን መልሱልኝ።»

እማማ ሩቂያ ወስፌያቸውን አስቀመጡ። እኔም ግጥም ገጣሚዋ፣ ነገር አዋቂዋ፣ ይህን አላሰብኩትም። ስንት ሹም ፊት ያልደነገጥኩትን አንዲት ሣር ተሸካሚ አስደነገጠችኝ። አቶ ወልደሚካኤል ስድስቱንም ቆረጡ፤ እኛ ደግሞ አንዷን መልሰን አምስቱን ራሳችን ቆረጥን። ማንም ሳያዘን!

በመጨረሻ እማማ ሩቂያ «ያ ረቢ፣ እናቴም አንድ ስም ነበር የምትጠራው። ሣሩን አንድ ሴት ብቻ ታመጣው እንደነበር እንጃ፤ ጠይቄያት አላውቅም» አሉ። ከዚያ ኢፍቱን እጇን ይዘው አስቀመጧትና «ንገሪኝ» አሏት። ነገረቻቸው፤ ሙሚና፣ ኑሪያ፣ ደሃቦ፣ ሐሊማ፣ አሻ። ለእያንዳንዷ ስም አንድ ክር ሣር ቋጠሩ፣ እንዳይረሱ።

ትናንት ስድስቱም መጡ። ደሃቦ የምትባለዋ አኩርፋ በር ላይ ቀረች፤ ስሟ ሲዘፈን ሰምታ «እንዲህ አይደለም፣ ረዘም አድርጋችሁ ጥሩት» ብላ ገባች። አሁን ጠቦ የሚያስቸግረን አራተኛው ዙር ነው። ለአንድ ስም የተለካ ጨለማ ስድስት ስም አይችልም።

ስለዚህ ስማኝ። ስትመጣ አዳራሽ አንፈልግም፤ በር ያለው ነገር ሰለቸኝ። መኪናህን ፈላና በር አጠገብ፣ ሣሩ የሚራገፍበት ሜዳ ላይ አቁመው። ሸራውን ከመኪናው ጎን ዘርጋ፤ ጀምበር ስታዘቀዝቅ እንጀምራለን። ዘበኛ የሚቆምበት በር የለም፤ በባዶ እግሩም የመጣ፣ ከነሸክሙም የመጣ ይቀመጣል። ስድስቱ ሴቶች ከፊት ይቀመጣሉ፤ ሹም ከመጣ ከኋላቸው ቦታ አለ። ጨለማው ይቆረጥ ላሉህ ወረቀት መልሱ ይኸው ነው፤ ይረዝማል።

ምን ያህል ጥቁር ፊልም እንደሚያስፈልግ ለክተሽ ላኪልኝ እንዳትለኝ፤ አልለካም። ያለህን ሁሉ አጣብቅ። ካነሰህም አምፖሉን አጥፋና ጠብቅ፤ ስንጨርስ እንነግርሃለን።

እህትህ ገላነሽ